ለፊርማና ለሰላምታ ብቻ ለተቀመጠ ፕሬዚዳንት ዕድሜ ልክ ቤት፣ መኪና፣ ጥበቃ፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

የሳሪሱ (ክሩን የከፈተ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። የአገራችን ፕሬዚዳንት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፣ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ አዋጅ ላይ ይፈርማል፣ ኒሻን ያጠልቃል። የአገሩ ነገር የሚወሰነው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው። ይህን ስድስት ዓመት ሠርቶ ለወጣ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ቤት፣ መኪና፣ ጥበቃ፣ ሕክምና፣ ጡረታ። እኔ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ጨምር ተብዬ ደሜ ፈልቶ ነው ያለሁት። የሚያሳምነኝ ካለ እሰማለሁ። ብሔር ይዞ የሚመጣ ካለ ሌላ ክር ይክፈት።

ቆጣቢዋ፦
አይገባም፣ አራት ነጥብ። እኔም ቀኑን ሙሉ ስፈርም ነው የምውለው፣ ማን ቤት ሰጠኝ?

ነገረ ፈጅ፦
የሳሪሱ፣ «ፊርማ ብቻ» የምትላት ነገር ላይ ቀስ በል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ውስጥ ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን አለ። የወንጀል ሕጉም የሞት ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም ይላል። ሞት ለተፈረደበት ሰው ያቺ ፊርማ ቀላል አይደለችም። በሌላ በኩል ግን ልክ ነህ። አዋጅ ጸድቆ ሲላክለት በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ፣ በአንቀጽ 57 መሠረት ሳይፈረምም ሥራ ላይ ይውላል። እምቢ ማለት አይችልም፣ ማዘግየት እንኳ በቅጡ አይችልም።

ወደ ጥቅማ ጥቅሙ ስንመጣ ሁለት አዋጅ ልብ በሉ። አንዱ በ1994 የወጣው ቁጥር 255፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ አስተዳደር። ሁለተኛው በ2001 የወጣው ቁጥር 653። ይሄ የሁለተኛው ርዕስ ራሱ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከኃላፊነት የተነሱ የሀገርና የመንግሥት መሪዎችን፣ ከፍተኛ የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎችን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን በአንድ ላይ ይዟል። እና ቆጣቢዋ፣ ቁጠባ ከሆነ የሚያሳስብሽ ፕሬዚዳንቱን ተይው። ከ1987 ወዲህ ፕሬዚዳንት የሆኑት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከወረዱት በሕይወት ያሉት ዶክተር ሙላቱ ተሾመና ሳህለወርቅ ዘውዴ ናቸው። ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትር ዴኤታው፣ አፈ ጉባኤው ስንት እንደሆነ አንቺው ቁጠሪ።

ቆጣቢዋ፦
እነሱንም ደርቤ ነው አይገባም ያልኩት 😀

ጋሼ ጠመኔ፦
ልጆች፣ ስለ ጡረታ ከተነሣ እንደ እኔ ያለው መምህር ምን እንደሚያገኝ አስቀድማችሁ እወቁት። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ጡረታ የሚወጣ ሲቪል ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እኔ 30 ዓመት ጠመኔ ስተነፍስ ኖሬ 55 በመቶ ደረሰኝ። ጣሪያውን ልንካ ብል 42 ዓመት ማገልገል ነበረብኝ፤ በ60 ዓመቱ ለሚሰናበት ሰው በ18 ዓመቱ ሥራ መግባት ማለት ነው።

ይህን ያልኩት ልቅሶ ለመቀመጥ አይደለም። የሰው ጡረታ ሲሰላ አንድ ሕግ፣ የሹም ሲሰላ ሌላ ሕግ መሆኑን እንድታዩት ነው። የእኛን ዓመቱ ይወስነዋል። የእነሱን ወንበሩ።

የሳሪሱ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩት ይበልጥ አናደደኝ። 55 በመቶውም ቢሆን በድሮ ደመወዝ ተሰልቶ ነው አይደል?

ጋሼ ጠመኔ፦
በድሮው ነው እንጂ ልጄ። አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል፤ ጤፍ ግን ማስተካከያ አይጠብቅም።

ዘብ የነበረ፦
እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም። ግን ከኃላፊነት የወረዱ አንድ ትልቅ ሰው ቤት በጥበቃ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ፕሬዚዳንት አልነበሩም፣ ስም አልጠራም። ሰው «ጥበቃ፣ መኪና» ሲባል የሚያስበው ሌላ ነው። የዘብ ቤቷ ቆርቆሮ ናት። ውስጧ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ መዝገብ፣ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ። ሽማግሌው ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ቆሎ በእፍኛቸው ይዘው ይወጡና «ማን ተረኛ ነው ዛሬ?» ብለው ያካፍሉናል። መኪናዋ አሮጌ ነበረች። ጎማ ሲያልቅ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ተፈርሞ ሲመለስ ሌላኛው ጎማ ይፈነዳል።

ዋናው ግን መዝገቡ ነው። ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ የመኪናው ታርጋ፣ መቼ ወጣ። በየፈረቃው እንፈርማለን። ስጀምር ለእሳቸው ደህንነት ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን አንድ የድሮ ጓደኛቸው ስሙን ሳስመዘግበው ፈገግ ብሎ «ጻፍ፣ ጻፍ፣ ለእኔም ነው ለእሱም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልመጣም። እንግዲህ ያ ጥቅም ነው? እናንተ ፍረዱ።

የሳሪሱ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

የቄለም ልጅ፦
ዘብ የነበረው ወንድሜ ነገሩን ከነካው ልቀጥልበት። እስካሁን የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ስም ያነሳ የለም፤ እሳቸው ሳይነሱ ግን ይሄ ክር ባዶ ነው።

ዶክተር ነጋሶ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 የመጀመሪያው የኢፌዴሪ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በመጨረሻው ዓመት ከድርጅታቸው ጋር ተጣሉ። ከወንበሩ በተነሱበት ሰሞን ነው ነገረ ፈጅ የጠቀሰው አዋጅ 255 የወጣው። አዋጁ የወረደ ፕሬዚዳንት ከወገንተኛ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ይራቅ ይላል። ካልራቀ ጥቅሙ ይቀርበታል። በግንቦት 1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፣ ምክር ቤት ገቡ። ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። ያኔ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል።

ልብ በሉ፣ በግል ነው የተወዳደሩት። ፓርቲ አልነበራቸውም። የሰፈራቸው ሰው መረጣቸው፣ መንግሥት ደግሞ ዋጋውን አስከፈላቸው።

ነገረ ፈጅ፦
የቄለም ልጅ፣ ሐዘኔታውን እጋራለሁ፤ ክርክሩን ግን እንለየው። የአዋጁ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ወንበሩን ይልቀቅ ይላል። ዕጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። ለምን ሁለት ሦስተኛ? ከወገን በላይ እንዲሆን ነው። ትናንት የሁሉም አባት ተብሎ ቤተ መንግሥት የተቀመጠ፣ የአገር ምስጢር የሰማ፣ ዛሬ በመንግሥት መኪናና በመንግሥት ነዳጅ ቅስቀሳ ቢወጣ አንተስ ደስ ይልሃል? ተፎካካሪው እኮ በእግሩ ነው የሚዞረው።

የቄለም ልጅ፦
በመንግሥት መኪና እንዳይቀሰቅስ መከልከል አንድ ነገር ነው። መኪናውን በምርጫው ሰሞን ያስረክብ በሉት፣ ማንም አይቃወምም። ሕክምናውንስ? ቤቱንስ? በሽታ ምን ፓርቲ አለው?

ደግሞ አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። «ከቀድሞ ፕሬዚዳንት በስተቀር» የሚል አላነበብኩም። ሌላም ልጨምርልህ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ጉባኤውን በሰብሳቢነት የመሩት እኚሁ ዶክተር ነጋሶ ናቸው። አንቀጽ 38 በእሳቸው መዶሻ ነው ያለፈው።

ነገረ ፈጅ፦
መብቱን እኮ ማንም አልነፈጋቸውም። ተወዳደሩ፣ ተመረጡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አዋጁ ያለው «አትወዳደር» ሳይሆን «ብትወዳደር ይሄ ይቀርብሃል» ነው። በሕግ ሁለቱ ይለያያሉ።

ጋሼ ጠመኔ፦
በሕግ ይለያይ ይሆናል ልጄ። ኑሮ ላይ አይለያይም። ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሽማግሌ «ተናገር፣ መብትህ ነው፤ መድኃኒትህን ግን አስቀምጥ» ስትለው ምን እንደተባለ ይገባዋል።

ነገረ ፈጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ላይ መልስ የለኝም። ግን አንድ ነገር ልበል። በግል መወዳደር «ወገንተኛ ፖለቲካ» ነው አይደለም የሚለው በእርግጥም ያከራክራል፤ ቃሉን ሰፋ አድርገው ተረጎሙት ብላችሁ ብትከራከሩ ከእናንተ ጋር ነኝ። በኋላ ግን ተቃዋሚው አንድነት ፓርቲ ውስጥ ገቡ፣ መሩትም። ከዚያ በኋላ ያ ክርክር ያበቃል። አዋጁን ራሱን ካልተቃወማችሁ በቀር።

የቄለም ልጅ፦
አዋጁን ራሱን ነው የምቃወመው። ስሙን ቀይራችሁ ጥቅም አትበሉት። የአፍ ማዘጊያ ዋጋ ነው።

የሳሪሱ፦
እስቲ እኔም እንደ ሰይጣን ጠበቃ ልጠይቅ። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስስ? እሳቸውም በግል ነበር ምክር ቤት የገቡት። 12 ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በ2006 ወረዱ፣ ፓርቲ አልገቡም፣ ጥቅማቸው እንደተጠበቀ በታኅሣሥ 2011 ዐረፉ። ቤት ተከራይቶላቸው የኪራዩ ነገር ያኔ ጋዜጣ ላይ ብዙ አነጋግሯል። እንግዲህ ሕጉን ያከበረ ተጠቀመ፣ ያላከበረ ቀረበት። ምን ክፋት አለው?

የቄለም ልጅ፦
መቶ አለቃ ግርማ ሲወርዱ 90 ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ለእሳቸው «ምርጫ አትወዳደር» ማለት ለእኔ «ጨረቃ ላይ አትውጣ» እንደማለት ነው። ሕግ የሚፈተነው መናገር በሚፈልግ ሰው ላይ ነው።

ማይን ዳር፦
ፍራንክፈርት ነው ያለሁት። ዶክተር ነጋሶ እዚሁ ከተማ ተምረው ነው በታሪክ ዶክትሬታቸውን ያገኙት፣ ያረፉትም ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ጀርመን ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚህን አገር ነገር ባነሳ ከርዕስ አልወጣሁም።

እዚህም ፕሬዚዳንቱ እንደኛው ነው። አገር የሚመራው ቻንስለሩ፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል፣ ይሾማል፣ ይናገራል። ደመወዙ ግን በሕግ ከቻንስለሩ ይበልጣል፣ የቻንስለሩን ዘጠኝ እጅ ብታደርገው የእሱ ዐሥር እጅ ይሆናል። ከወረደ በኋላ «የክብር ደመወዝ» የሚባል አለ፤ ሥራ ላይ ሳለ ያገኝ የነበረውን ያንኑ ደመወዝ እስኪሞት። ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ያኔ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ወርዶ ጥቂት ዓመት ኖሮ ይሞታል ተብሎ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 የፕሬዚዳንት ክርስቲያን ቩልፍ ጉዳይ መጣ። ከወዳጆቹ ስለተበደረው የቤት ብድርና ስለ ግብዣዎች ጋዜጦች ጻፉ፣ ዐቃቤ ሕግ ያለመከሰስ መብቱ ይነሳ ብሎ ጠየቀ፣ በየካቲት ወር ለቀቀ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ወንበሩ ላይ። ዕድሜው 52። የክብር ደመወዙ በዓመት 199 ሺህ ዩሮ ነበር። አገሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ሕጉ ጊዜው ሳያልቅ ለለቀቀ ሰው የሚሰጠው በጤና ወይም በፖለቲካ ምክንያት ከለቀቀ ብቻ ነው፣ የእሱ ደግሞ የግል ጣጣ ነው ብለው ብዙዎች ተከራከሩ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ግን «ፖለቲካዊ ምክንያት ነው» ብሎ ወሰነለት። በወታደር ባንድ ሲሸኙት ሕዝቡ ውጭ ቩቩዜላ ይነፋ ነበር። በ2014 ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ ክርክሩ የት ይደርስ እንደነበር አላውቅም።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ጀርመኖች የተጨቃጨቁት «ይህን ያህል ብር ይገባዋል ወይ» ብለው ነው። «ዝም ካላለ እንቁረጥበት» ያለ አልሰማሁም። ሰውየው ወርዶ ጠበቃ ሆኖ ሠርቷል፣ ንግግር ያደርጋል፣ የተቹትም የክብር ደመወዙ እያለው ለምን ሌላ ይሠራል ብለው ነው።

ቆጣቢዋ፦
199 ሺህ ዩሮ?! ለ52 ዓመት ጎረምሳ? ጋሼ ጠመኔ ይህን ባያነቡት ይሻላል።

ጋሼ ጠመኔ፦
አንብቤዋለሁ። ውሃ ጠጣሁበት።

ብራስልስ ገበያ፦
እኛ ጋ ቤልጅየም ንጉሥ አልበርት እ.ኤ.አ. በ2013 ለልጃቸው ዙፋኑን ለቀቁ። በዓመት 923 ሺህ ዩሮ ተመደበላቸው፣ ታክስ ይከፈልበታል ተባለ። አነሰኝ ብለው ቅር አላቸው የሚል ወሬ ጋዜጣውን ሞላው። ይኸው ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም 🤐

አሽዶድ ወደብ፦
የእኛ አገር ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። እስራኤልም ፕሬዚዳንቷ የክብር ነው፣ ክኔሴት የሚባለው ፓርላማ ይመርጠዋል፣ ደመወዙንም ክኔሴት ይወስናል። ሞሼ ካትሳቭ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቀቀ። በ2010 መጨረሻ በአስገድዶ መድፈር ጥፋተኛ ተባለ፣ 7 ዓመት ተፈረደበት፣ አምስት ዓመት ያህል ታስሮ በ2016 መጨረሻ ወጣ። እዚህ አከራካሪው «የቀድሞ ፕሬዚዳንት ተብሎ ቢሮና መኪና ለእንዲህ ያለ ሰው ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈላል ወይ» የሚለው ነበር። እናቴ ፖለቲካ አትወድም፣ ያኔ ግን ቴሌቪዥኑን ትሳደብ ነበር።

ያልገባኝ ይሄ ነው፣ ነገረ ፈጅ። ጥቅም የሚቋረጥበት ምክንያት ካስፈለገ ወንጀል ይሁን። ምርጫ መወዳደር ከወንጀል ጋር በምን ሂሳብ ነው አንድ ቅጣት የሚሰጠው?

ነገረ ፈጅ፦
ጥሩ መታኸኝ። ቅጣት አትበለው ልልህ ነበር፤ ግን የሚሰማው ሰው ቅጣት ነው የሚለው፣ ጋሼ እንዳሉት።

ፑኔ ተመራቂ፦
ሕንድ ተምሬያለሁ፣ አጭር ነገር ላክል። የሕንድ ፕሬዚዳንት 340 ክፍል ባለው ቤተ መንግሥት ነው የሚኖረው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተሻሽሎ የሲቪል ሠራተኞች ቁንጮ የሆነው የካቢኔ ጸሐፊ በወር 250 ሺህ ሩፒ ሲያገኝ ፕሬዚዳንቱ 150 ሺህ ላይ ቀርቶ ነበር። የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ከጸሐፊው በታች! በ2018 ነው 500 ሺህ ያደረጉት። ጡረታው የደመወዙ ግማሽ ነው። ንጹሕ ሂሳብ፣ ሰው ያስታውሰዋል።

ደብሊን በዝናብ፦
ግማሽ ካላችሁ አየርላንድም እንደዚያው ግማሽ ናት። እኔ ግን ለዚህ ክር የሚስማማ ሌላ ነገር አለኝ። የዚህ አገር ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱ ደመወዝና አበል በሥልጣን ዘመኑ አይቀነስም ይላል። በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ የሁሉም ደመወዝ ሲቆረጥ መንግሥት የፕሬዚዳንቱን መንካት አልቻለም። ማይክል ዲ. ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመረጡ ደመወዙ 325,507 ዩሮ ነበር፣ እሳቸው በራሳቸው ፈቃድ 249,014 ብቻ ወሰዱ።

ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ? መንግሥት ኪሱን ይዞ ፕሬዚዳንቱን እንዳያስፈራራ ነው። ፕሬዚዳንቱ አንድን ሕግ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመላክ ሥልጣን አለውና፣ «ብትልክ ደመወዝህን» እንዳይሉት። የወረዱ ፕሬዚዳንቶች ደግሞ የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ጉባኤ አባል ይሆናሉ። ከወረዱም በኋላ ምክራቸውን ይፈልጉታል ማለት ነው።

አገር ቤት፣ እኛ ጋ፣ ያው ሐሳብ ተገልብጦ ነው ያለው። እዚህ አየርላንድ ገንዘቡ የተቆለፈው ሰውየው እንዲናገር ነው። እኛ ጋ የተከፈተው ዝም እንዲል ነው።

የሳሪሱ፦
ይሄ የደብሊኑ አስተያየት ለእኔ ትልቁ ነው። ክሩን ስከፍት የጠየቅኩት «ለምን ይሰጠዋል» ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ «ለምን ይነጠቃል» ሆነብኝ። ግን ኪሴ አሁንም ይቃወማል። ምን ይሁን ታዲያ? አንዱ ረቂቅ ያውጣ።

ጋሼ ጠመኔ፦
ረቂቅ ማውጣት አልችልም፣ ግን ፈተና አርማለሁ። ሁለት ዓምድ ሥሩ።

በአንደኛው ዓምድ ጡረታና ሕክምና። ይሄ ሰው ሆኖ ስላገለገለ የሚያገኘው ነው። ስድስት ዓመት ብቻ ነው ካላችሁ መጠኑን ቀንሱት፣ እንደ ሕንዱ ግማሽ በሉት፣ ሌላ ቦታ ያገለገለው ይደመርለት። የፈለጋችሁትን በሉ፣ አንዴ ከተወሰነ ግን አይነካ። ቢሰድባችሁም አይነካ። የእኔን ጡረታ ማን ነው «መንግሥት ተችተሃል» ብሎ የሚቆርጠው? ለመምህር የማይደረግ ለፕሬዚዳንት አይደረግ።

በሁለተኛው ዓምድ መኪና፣ ቢሮ፣ ጸሐፊ፣ ነዳጅ። ይሄ የወንበሩ ክብር ነው። ሰውየው የሁሉም ሽማግሌ ሆኖ እስከቆየ ይኑረው፤ ወደ ሜዳው ልውረድ ካለ ቁልፉን ያስረክብና ይውረድ። እዚህ ላይ ነገረ ፈጅ ልክ ነው፣ በእግሩ የሚዞረውን ተፎካካሪ ማሰብ አለብን።

ዘብ የነበረ፦
ጥበቃው በየትኛው ዓምድ ነው ጋሼ?

ጋሼ ጠመኔ፦
እሱ ከባዱ ጥያቄ ነው። ፖለቲካ ከገባ በኋላ ይበልጥ ሊያስፈልገው ይችላል። አንደኛው ውስጥ ይግባ። መዝገቡ ግን ይቅር።

ዘብ የነበረ፦
መዝገቡ ከቀረ እኔ ደስታዬ ነው።

ነገረ ፈጅ፦
የጋሼ ዓምድ ለሕግ አርቃቂ የተመቸ ነው፣ ቀልድ አይደለም። የተጠራቀመ መብትና ከሥራው ጋር የተያያዘ መገልገያ ብሎ መለየት በሠራተኛ ሕግም ያለ ነገር ነው። ቤቱ ነው ያስቸገረኝ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት በየት ሰፈር ይኑር? የራሱ ቤት ያለውና የሌለው አንድ ናቸው ወይ? ቤት ሳይሠራ አገር ሲያገለግል የኖረ ሰው አለ፤ ሦስት ቪላ አከራይቶ የመንግሥት ቤት የሚጠብቅም ይኖራል።

ቆጣቢዋ፦
ያለው አይሰጠው። የሌለው ደግሞ ልኩን ይሰጠው። ይሄ ምኑ ነው የሚከብደው? እኔ እኮ ኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ቤት የለኝም ብዬ ፈርሜ ነው፤ እሱም ይፈርም። ፊርማ ሥራው አይደል።

የቄለም ልጅ፦
😂 ይሄ ጥሩ ነው። ግን ቤቱም አንደኛው ዓምድ ውስጥ ይግባ። በስተርጅና ከቤት ውጣ ሊባል አይገባም፣ ማንንም መረጠ፣ ማንንም ተቃወመ።

ማይን ዳር፦
የጀርመን የሂሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ሲያጉረመርም የነበረው ስለ ጡረታው ሳይሆን ስለ ሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ቢሮ፣ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ ዕድሜ ልክ። እና ጋሼ፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የዓመት ገደብ ጨምሩበት። ዕድሜ ልክ ጸሐፊ ምን ያደርግለታል? ደብዳቤው እኮ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ነገረ ፈጅ፦
እሺ፣ የእኔን የመጨረሻ ድርድር ልበል። ጡረታ፣ ሕክምና፣ ለሌለው ቤት፣ ጥበቃ፦ ዕድሜ ልክ፣ በምንም የማይነጠቅ፣ በፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል ካልተረጋገጠበት በስተቀር። አሽዶድ፣ ይቺ ለአንተ ናት። መኪናና ቢሮ፦ በገደብ፣ ፓርቲ ሲገባ የሚመለስ። ፖለቲካ ፈጽሞ የተከለከለበት ጊዜ ደግሞ ይኑር፤ ምስጢር የሰማ ሰው በማግሥቱ መድረክ ላይ አይውጣ። እኔ ስድስት ዓመት እላለሁ፣ አንድ የሥልጣን ዘመን።

የቄለም ልጅ፦
ስድስት በዝቷል። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ነው፤ ስድስት ካልክ አንድ ምርጫ ሙሉ በሙሉ አሳለፍከው ማለት ነው። ዶክተር ነጋሶ በወረዱ በአራት ዓመት ውስጥ ነው የተወዳደሩት። ሁለት ዓመት ይበቃል።

ነገረ ፈጅ፦
በሁለት ዓመት ምስጢር አያረጅም። አራት።

ቆጣቢዋ፦
ሦስት፣ መኪናዋንም ሲያስረክብ ነዳጅ ሞልቶ።